ጺም ያላበቀለው ወርዋሪ

ልመንህና ዋለ አንድ አንድ በሬ ነበራቸው። የልመንህ ቡሬ፣ የዋለ ዳልቻ ይባላል። በአንድ በሬ አይታረስምና ሁለቱ ጎረቤታሞች በመቀናጆ፣ አንድ ቀን ለአንዱ አንድ ቀን ለሌላው እየጠመዱ፣ ስንት ክረምት አብረው አርሰዋል። ተጣልተው አያውቁም። ብቻ ልመንህ ዝናቡ ምንጊዜም በዋለ ተራ ቀን የሚያባራ ይመስለውና ይከነክነዋል። የራሴ ሙሉ ጥማድ ቢኖረኝ ይላል በሆዱ።

አርብ አርብ ገበያ ሲወጡ ስልካቸውን ቻርጅ የሚያደርጉት ቅድስት ከምትሠራበት ቤቲንግ ቤት ነው። ቻርጁ እስኪሞላ ልመንህ ትንሽ የውርርድ ቲኬት ይቆርጣል። ዋለ ግን ግድግዳ ተደግፎ ከማየት በቀር ኪሱን ነክቶ አያውቅም።

ያን አርብ ልመንህ እግር ኳሱን ትቶ ቤዝቦል የሚባለውን ገለጠ። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፤ ከገና ጨዋታ ብዙም አይርቅም ብሎ ነው የገባው።

«እስቲ እየው» አለው ዋለን፣ ስልኩን አስጠግቶ። «ቀዮቹ ያሸንፋሉ ብሎ ሁሉም ይምላል። ለምን? ስማቸው ገናና ስለሆነ። የነገው ወርዋሪያቸው ግን ገና መጀመሩ ነው። የሰማያዊዎቹም ጀማሪ ነው። ሁለት ያልተገሩ ወይፈኖች ገበያ ቢወጡ፣ አንዱ የሀብታም ስለሆነ ብቻ እጥፍ ትከፍልበታለህ?»

«አልከፍልም» አለ ዋለ።

«ይኸው ነው። ሰማያዊዎቹን የሚያምናቸው የለም፤ ካሸነፉ ግን የሚከፈለው ብዙ ነው። ምን ያደርጋል፣ ገንዘብ የለኝ።»

ዋለ ፎቶውን አተኩሮ አየ። «ወርዋሪያቸው ይኼ ጺም እንኳ ያላበቀለው ነው?»

«እሱ ነው።»

ዋለ ሳቅ ብሎ ስልኩን ነቀለና ወጣ። ልመንህ ሲያወጣ ሲያወርድ አደረ። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለበሬ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቡሬን ነድቶ ወደ ገበያው ከተማ ተመለሰ። ቡሬ፣ ሚስቱ ፋሲካ በጥጃነቱ ከአባቷ ቤት ያመጣችው ነው። «ከዋለ መስክ ሣር አለ፤ ሰኞ እስክንጠምድ እዚያ ይብላ» አላት። አመነችው፤ ምን ያጠራጥራታል።

የከብት ነጋዴው ሀሚድ ብዙ አልተከራከረም። «ወገዳ ላይ ጥማድ የሚፈልግ ገበሬ አለኝ» አለ የቡሬን ጫንቃ እየዳበሰ። «አንደኛውን በሬ ትናንት አመሻሽ ላይ አግኝቼ ልኬለታለሁ፤ አሁን ሞላልኝ።»

ቅድስትም በበሬው ዋጋ ሙሉ የሰማያዊዎቹን ቲኬት ስትቆርጥለት ቀና ብላ አየችው። «ይህን ቡድን ደግሞ ሰው ወደደው» አለች።

ልመንህ ልብ አላላትም። ሁለት በሬ ነድቶ ሲገባ፣ ፋሲካም በር ላይ ቆማ ስታይ ነበር የሚታየው።

እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ ከወይራው ሥር ሆኖ ስልኩን ከፈተ። ጺም ያላበቀለው ወርዋሪ ጨዋታው ሳይጋመስ ኳሱን እየመቱበት ከሜዳ ወጥቷል። ቀዮቹ አሸንፈዋል። ልመንህ እዚያው ቁጭ አለ። የእሱስ ይሁን፤ ነገ ዋለ ዳልቻን ይዞ ሲመጣ ከምን ጋር ይጠምደዋል? አንድ በሬ ሲጠፋ ጦሙን የሚያድረው ሁለት ቤት ነው።

የዋለ ሚስት ዓለሚቱ በአጠገቡ ስታልፍ ቆም አለች። «ልመንህ፣ በሬው ሣሩን ለመደ?» አለችው ፈገግ ብላ።

ክው አለ። «ደህና ነው» ብሎ ዓይኑን መለሰ። ታውቃለች ማለት ነው። ሀሚድ ነግሯቸው ይሆናል፣ ወይም ቅድስት።

በሰንበቴው ዋለ እንደ ወትሮው ከጎኑ አልተቀመጠም። ማዶ ሆኖ፣ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ አንገቱን ይደፋል። ጠላውንም አልቀመሰም። ሲወጡ የነፍስ አባታቸውን ቄስ ወልደ ጊዮርጊስን ለብቻ ወስዶ በጆሯቸው አንድ ነገር ሲነግራቸው ልመንህ አየ፤ ቄሱም በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊከሰኝ ነው፣ ሽማግሌ ፊት ሊያቆመኝ ነው አለ በልቡ።

ማታ ፋሲካ «ነገ ለእርሻው ምን ስንቅ ላዘጋጅላችሁ?» ስትለው ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። እንደዚያን ዕለት አፍሮ አያውቅም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ቀንበሩን አላነሣም። ከአጥሩ ሥር ከበድ ያለ ድንጋይ መርጦ ጫንቃው ላይ አደረገ፤ በአገሩ የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ሽማግሌ ሳይላክበት ራሱ ሄዶ ከዋለ ደጅ ሊወድቅ ወጣ።

ጉም ወርዶ ነበር። ከማሳቸው ወሰን ሲደርስ ከማዶ አንድ ሰው ሲመጣ አየ። አካሄዱ የዋለ ነው። በሬ አልነዳም። ጫንቃው ላይ የሆነ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን አልለየውም። ልመንህ ሮጦ መመለስ እያማረው፣ እዚያው ተንበረከከ።

ሰውየውም መጥቶ ከፊቱ ተንበረከከ። የእሱ ድንጋይ ከልመንህ ይበልጥ ነበር።

«ያ ጺም ያላበቀለ ልጅ ዳልቻን በላብኝ፣ ወንድሜ» አለ ዋለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።