ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ደላላው ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣ በረጠበ ጣቱ የስልኩ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ቤይሩት መስመር አሰመረ። "ተመልከቺ አቦ! ከድሬ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ነው። ቤይሩት ግን በአውሮፕላን አምስት ሰዓት ቢሆን ነው። ጎረቤት በያት!" ከአፉ የተፈናጠቀ አረንጓዴ ምራቅ የኑኃሚን አዲስ ፓስፖርት ላይ አረፈ። አጠገቧ የተቀመጠችው አክስቷ ማዘንጊያ ምራቁን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። እሷ ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ ለመመለስ ስድስት ዓመት ፈጅቶባታል።

"ቀጣፊ!" አለችው። "ተነሺ ልጄ፣ እንሂድ።"

ኑኃሚን ግን ንቅንቅ አላለችም። "አክስቴ፣ አንቺም እኮ በደወልሽ ቁጥር 'ቅርብ ነው፣ ተመችቶኛል' ትዪን ነበር።"

ማዘንጊያ ቤተሰቡ እንዳይጨነቅ ብላ ያወራችው ሁሉ በዚህ ሰውዬ አፍ ሲላመጥ የኖረ መሰላት፤ ራሷን ተጸየፈች። በድሬ ሙቀት እንኳ ገልጣው የማታውቀውን እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። ክንዷ ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ነበር።

"መዳም ናት" አለች። "በሄድኩ በሁለተኛው ሳምንት።"

ኑኃሚን ጠባሳውን በጣቷ ጫፍ ነካችው። ከዚያ ፓስፖርቷን ይዛ ብድግ አለች።