ማን አስያዛት?

«ይሄ ልጅ ዛሬ እዚህ ክፍል አይገባም» አልኩና የመዋዕለ ሕፃናቱን ክፍል በር በጀርባዬ ዘግቼ ተገተርኩ።

ጸጉር ሠሪዋ የልጇን እጅ እንደያዘች ቆመች። ልጁን ሁላችንም ድንቡሼ ነው የምንለው። ያን ጠዋት ግን ጉንጩ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ ዓይኑ ፈዟል፣ አፍንጫው እንደ ተበላሸ ቧንቧ ይወርዳል። ከንፈሩ ጥግ ላይ የደረቀ ሮዝ ሽሮፕ አየሁ። ደሜ ፈላ።

«የትኩሳት ማስታገሻ ግተሽው ነው ያመጣሽው?»

«አለርጂ ነው። አቧራ አይስማማውም።»

«አቧራ ያተኩሳል? ማንን ነው የምታሞኚው?»

«ወይ ጣጣ! ደግሞ ሐኪም ሆንሽ? ዞር በይልኝ፣ ረፍዶብኛል።»

አልዞርኩም። ጨቅላዋ ልጄ ሚጢ ሆስፒታል ተኝታለች፤ አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተለጥፎባታል። አማቴ አጠገቧ አድራ እስካሁን መንገድ መንገዱን እያየች እየጠበቀችኝ ነው። ትልቁን ልጄን ክፍል አስገብቼ ወደዛው ልሮጥ ስል ነው ይቺ ሴትዮ ከነልጇ ፊቴ ድቅን ያለችው።

ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው የከረምነው። አንዱ ልጅ ቀና ሲል ሌላው ይወድቃል። ሳሉ ሲለቅ የዓይን ማዝ ይገባል፣ ዓይን ሲጠራ ትውከትና ተቅማጥ ይተካል፣ የተሻለው መልሶ ይያዛል። ሕፃናት ፊደል ሊቆጥሩበት የተከፈተ ክፍል የጉንፋን መናኸሪያ ሆኖ ቀረ። ሚጢ እስክትወድቅ ድረስ፣ እየተማረርኩም ቢሆን እስቅበት ነበር።

ጫጫታውን ሰምታ መምህሯ ከኮሪደሩ ጫፍ እየሮጠች መጣች።

«ሚስ፣ አንቺ ንገሪያት! የታመመ ልጅ አይምጣ ተብሎ የለ?»

«እባካችሁ… ልጆቹ ይሰማሉ» አለች በሻከረ ድምፅ። እሷንም ይዟታል።

«እና ምን ላድርግ?» ጸጉር ሠሪዋ ጮኸች። «ቤት ቆልፌበት ልሂድ? ትናንት አብሬው ውያለሁ። ዛሬ ደግሞ ብቀር አሠሪዬ ወንበሬን ለሌላ ሰው ነው የምትሰጠው። አንቺ ባል አለሽ፣ አማት አለሽ። እኔ ማን አለኝ?»

«እሱ የራስሽ ጉዳይ ነው! ልጄ በቱቦ የምትተነፍሰው በናንተ ምክንያት ነው!»

የልጇን እጅ ለቀቀችና ተጠጋችኝ። የጸጉር ቀለም ሽታዋ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

«በኛ ምክንያት? ከእረፍት መልስ እንደ አሮጌ መኪና እያሳለው የመጣው የማን ልጅ ነበር? የኔው አጠገቡ ተቀምጦ አይደል የተያዘው? ሚስ፣ እስቲ ዓይን ዓይኗን እያየሽ ንገሪያት!»

መምህሯ ጫማዋን ታይ ጀመር።

«ንገሪያት እንጂ!»

«መጀመሪያ ያሳለው… የሷ ልጅ ነበር» አለች መምህሯ። «ግን እኮ የልጆች ነገር ነው። ማን ከማን እንደያዘው በምን ይታወቃል?»

ያ ቀን ትዝ አለኝ። እዚሁ በር ላይ አፍንጫውን በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ፣ «ምንም አልሆነም፣ ብርድ ነው» ብዬ አስረክቤው በሮጥኩበት እግሬ ታክሲ ተሳፍሬያለሁ። አፌ ግን አልመለስ አለ። የተረታ ሰው እንደሚጮኸው ጮኽኩ።

«ማንም ያምጣው! ሚጢ አንድ ነገር ብትሆን፣ በሽታውን ያስያዛት ነው የገደላት! ሰምተሻል? ነፍሰ ገዳይ ነው!»

ጸጉር ሠሪዋ እኔን አልፋ ከኋላዬ የሆነ ነገር ስታይ አየኋትና ዞርኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ልጄ ቦርሳውን ሳያወርድ ክፍተቱ ላይ ቆሟል። ክስት ያለ ስለሆነ አባቱ በቀልድ ጉልቤ ይለዋል፤ ያን ሰዓት ደግሞ ከወትሮው ያነሰ መሰለኝ።

«እማ» አለ። «ሚጢን የሳምኳት እኔ ነኝ።»

«አይ፣ የኔ ጌታ፣ አንተን አይደለም እኮ…»

«ተኝታ ነበር። አትጠጋት ብለሽኝ ነበር። አንቺ ልብስ ስታሰጪ ገብቼ አፏን ሳምኳት።»

መምህሯ አፏን በእጇ ያዘች። ጸጉር ሠሪዋ ጎንበስ ብላ ድንቡሼን አነሳችው፣ ትኩስ ግንባሩን አንገቷ ውስጥ ሸጎጠችው። አሁን በሩን የሚከለክላት አልነበረም። ግን አልገባችም።

ተንበርክኬ እጆቼን ዘረጋሁ። ጉልቤ ሁለት መዳፎቹን አፉ ላይ ደራርቦ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሄደ፣ የልጆቹ ጃኬቶች የተሰቀሉበት ግድግዳ እስኪያግደው ድረስ።

«አትምጪ፣ ይይዝሻል» አለ ከመዳፎቹ ሥር።

በጃኬቶቹ መሃል ተለጥፎ፣ ጉንጮቹን ነፍቶ፣ ፊቱ እየቀላ፣ ትንፋሹን ያዘ።