ጀርመን ያለው ክንድ

«ካርዷን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጊያት፣ ራሔል» አሉኝ መምህር ባዩ። ቁልፉን ተጫንኩ። የክፍሉ ተማሪ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። ጀርመን አገር ያለው የብረት ክንድ ጥቂት ቆየና ነጯን ካርድ እንደያዘ ቀስ ብሎ ከአንቴናው ራቀ። የካርዷ ቁጥር አሁንም ይታያል፤ አልጠፋም።

«ፈረንጅ እኮ ሥራ ያውቃል» አለ ሄኖክ ከኋላዬ፣ እንደ ልማዱ።

የምንማረው ነገር ሲያዩት ከባድ አይደለም። የፋብሪካ ሠራተኛ በር ላይ ካርዱን ሲያስጠጋ ጢጥ ብሎ ማንነቱ ይታወቅ የለ? ያው ነው። ካርዷ ባትሪ የላትም፤ አንባቢው በሬዲዮ ሞገድ ይጠራታል፣ እሷም ቁጥሯን ትነግረዋለች። ከምን ያህል ርቀት እንደምትሰማ፣ መሐል ላይ ቆርቆሮ ሲጋረድ ምን እንደምትሆን የምንፈትነው ግን በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ደርበን፣ ጀርመን ባለ ላቦራቶሪ ነው፤ በኢንተርኔት። እነዋሪ ያለው አባቴ ይህንን ከነገርኩት ወዲህ የገበያ ቀን እንኳ ሌላ ወሬ የለውም። ልጁ እዚህ ተቀምጣ ጀርመን ያለ ዕቃ ታነሳለች። አንድ ጎረቤቱ፣ ማንሳቱን ከቻለችበት ለምን ጠቅልላ ወደዚህ አታመጣውም አለው አሉ።

ትምህርቱ በምርጫ የሚወሰድ ነው። አምና ተማሪው አንድ በአንድ ጥሎት ወጣ፤ ዘንድሮም ከተጣለ እንደሚዘጋ መምህር ባዩ ራሳቸው ነግረውናል። እኔም ትምህርት በቃኝ ብዬ ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር። ያስቀረኝ ያ ክንድ ነው።

ካርዷን እንደገና ላርቅ እጄን ስዘረጋ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው በር ተከፈተ።

ያንን በር ለምደነዋል። አጠገቡ የጀርመንኛ ካላንደር ተለጥፏል፤ ከላዩ የተሰቀለው ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ የቀረ ነው፣ የአገሩ ሰዓት ነዋ። ማንም ገብቶበት አያውቅም። አሁን መጀመሪያ መጥረጊያ ገባ። ከመጥረጊያው ኋላ ወገቡ ላይ በነጠላ የታሰረ አረንጓዴ ካፖርት መጣ። ከዚያ ፊቷ ታየን።

«እትዬ ጥሩዬ?» አለች ቅድስት።

እትዬ ጥሩዬ ናት። የግቢያችን የጽዳት ሠራተኛ፣ ጧት ጭቃ ይዛችሁ ገባችሁ ብላ የተቆጣችን እትዬ ጥሩዬ፣ ጀርመን አገር ጎንበስ ብላ ትጠርጋለች። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ እውነቴን ነው፣ መቼ ሄደች የሚል ነበር። የሳቀ ሰው የለም። ቅድስት ብቻ በለሆሳስ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ አለች።

ዞረን መምህር ባዩን አየናቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ነገ ለሚመጡ እንግዶች ሲባል የግቢው ክፍል ሁሉ እየተከፈተ እንዲጸዳ መታዘዙን እሳቸው አልሰሙም ኖሯል።

«ይሄ ክፍል የት ነው?» አለ ሄኖክ።

መምህሩ እጃቸውን አንስተው ከጥቁር ሰሌዳው ጀርባ ያለውን ግድግዳ አሳዩን። ከግድግዳው ማዶ ያለው የድሮ ዕቃ ማስቀመጫ ነው።

ከዚያ ተቀምጠው ሁሉንም ነገሩን። ክንዱን ከተጣለ ፕሪንተር ሞተር፣ አንባቢውን ተበላሽቶ ከተነቀለ የበር ዕቃ፣ የሠሩት ራሳቸው ናቸው። አምና ይህንኑ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሊያስተምሩበት ሞክረው ነበር። ተማሪው የቁራሌ ዕቃ ብሎ ሳቀበት፤ አንዴ ሲቆም ጊዜ ግማሹ ወጥቶ ቀረ። ዘንድሮ ከግድግዳ ጀርባ አስገብተው ካሜራ ገጠሙበትና ጀርመን ነው አሉን። ሩቅ እንዲመስል ብለው ትእዛዛችንን እንኳ ሆን ብለው ያዘገዩት ነበር።

«እናንተ ግን» አሉ፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሱ፣ «ሲበላሽም ታገሳችሁት። ኔትወርክ ነው እያላችሁ ጠበቃችሁት። እኔን እንዲህ አድርጎ የጠበቀኝ የለም።»

«ቢሆንም ዋሽተውናል» አልኳቸው።

«አዎ» አሉ። «ዋሽቻችኋለሁ።»

አባቴ ገበያ መሐል ቆሞ ሲያወራ ታየኝና አንጀቴ አረረ። ከንዴቴ የባሰ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ስክሪኑን መልሼ ሳየው ክንዱ አንሶብኛል። ያው ክንድ ነው፣ ያቺው ካርድ ናት፣ ቁጥሯም እዚያው አለ፤ ለእኔ ግን አሁን የሚታየኝ የፕሪንተር ስብርባሪ ብቻ ነው። ከሳቁት ከአምናዎቹ በምን እንደምለይ ጠፋኝ።

ሄኖክ ቦርሳውን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ። ሌሎቹም ተነሱ። ወንበሩ ሁሉ ሲንኳኳ መምህር ባዩ ቀና ብለው አላዩም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር አጠፉ።

«ማዘግየቱን አንስቼዋለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከመሄድሽ በፊት አንድ ጊዜ ተጫኚው።»

እኔም ለመሄድ ነበር የተነሳሁት። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ እንዳንጠለጠልኩ፣ ቆሜ ተጫንኩት።

ጣቴ ከቁልፉ ሳይነሳ ክንዱ ተወነጨፈ። በድንጋጤ ወደ ኋላ ዘለልኩ። እትዬ ጥሩዬ ስክሪኑ ላይ መጥረጊያዋን ጥላ አማተበች፤ «በስመ አብ!» ስትል ግን የሰማናት ከግድግዳው ማዶ፣ በገዛ ጆሯችን ነው።

ሄኖክ በሩን በአንድ እጁ እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ለቀቀውና በወንበሮቹ መሐል እየተሹለከለከ መጥቶ አጠገቤ ደረሰ።

«እስቲ ድገሚው» አለ።