ማክሰኞ ማክሰኞ ጎባ

አሰልጣኝ ደምመላሽ ከሰው ሲተዋወቅ ስሙን ከመናገሩ በፊት «የሻምፒዮኖቹ አሰልጣኝ ነኝ» ይላል።

ውሸት የለውም። የሮቤ የሪትሚክ ጂምናስቲክ ቡድን ሦስት ዓመት በተከታታይ የዞኑን ዋንጫ ወስዷል። አምስት ልጃገረዶች በአንድ ሙዚቃ ረጃጅም ሪባን እያሽከረከሩ ይዘላሉ፤ ይተጣጠፋሉ። መጨረሻ ላይ ሪባናቸውን ወደ ላይ ይወረውሩና አንዷ የሌላዋን ትቀልባለች። ይህን ውርወራ ደምመላሽ «መብረቅ» ብሎታል።

«በዚህ ዞን ማንም አጠገባችን ደርሶ አያውቅም» ይላል።

የዞኑ አሸናፊ ወደሚላክበት የክልሉ ውድድር፣ አዳማ፣ ግን ሦስት ጊዜ ሄደው ሦስቴም መጨረሻ ወጥተዋል። ደምመላሽ ይህን በሙቀቱ ያመካኛል።

የቡድኑ መሪ ጂቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስለሆነች ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነው። አንድ ምኞት ብቻ ነበራት፤ አዳማ ሄዳ፣ አንደኛ ባትወጣ እንኳ፣ መጨረሻ አለመውጣት።

ከጥር ወዲህ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ከልምምድ መቅረት አበዛች።

«ጥርሴን አሞኛል ጋሼ። ጎባ ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ።»

በመጀመሪያው ማክሰኞ ደምመላሽ አዘነላት። በአምስተኛው ግን ናፍቆትን ጠራት። ናፍቆት በትርኢቱ የጂቱን ሪባን የምትቀልበው ልጅ ናት።

«የሰው ልጅ ስንት ጥርስ ነው ያለው?»

«ሠላሳ ሁለት፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ገና ሃያ ሰባት ማክሰኞ ይቀራታል።»

ናፍቆት ጠጋ አለችው። «ጋሼ፣ መናኸሪያ አይቻታለሁ። አምስት ሪባን ይዛ ነበር።»

«አምስት ሪባን ለጥርስ ምን ያደርጋል?»



በሚቀጥለው ማክሰኞ ሁለቱም ተከትለዋት ሄዱ። ደምመላሽ ማንም እንዳያውቀው ጋቢ ተከናንቦ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ከእሷ ቀጥሎ በሚነሳው ሚኒባስ ውስጥ ገባ።

«ጋሽ ደምመላሽ! አካም ጅርቱ?» ብለው ሰላምታ ሰጡት ከኋላ ወንበር ሦስት የድሮ ተማሪዎቹ፣ እኩል።

ጎባ እንደደረሱ ሪባን የያዘች ልጅ የት እንደገባች ጠይቀው በአንድ ግቢ አጥር ቀዳዳ አጮለቁ። ጂቱ መሀል ቆማለች። አምስት ልጆች ዙሪያዋን ይሽከረከራሉ። አንዷ የዝናብ ቦት ጫማ አድርጋለች።

«በቀኝ፣ ኦብሴ! ቀኝሽ በዚህ ነው!» ትላለች ጂቱ።

ባለቦቷ ሪባኗን ወረወረች። ሪባኑ ዞሮ መጥቶ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ።

ደምመላሽ ወዲያው ለየው። የምታስተምራቸው መብረቅን ነው።

«ሸጠችን» አለ። «ዘንድሮ ጎባ ልታሸንፈን ቆርጣለች።»

«እንግባና እንያዛት!»

«የለም። ቡድን አምስት ሰው ነው፤ ካባረርኳት አራት ነው የምንቀረው። ዝም ብለን ትርኢቱን እንቀይር። እነሱ የኛን አሮጌ ይዘው ይቅሩ።»

ውድድሩ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። ደምመላሽ ሁሉንም ነገር ከሥሩ ቀየረ። አዲሱን ውርወራ «ነጎድጓድ» አለው፤ ሪባኑ ሳያዩ ወደ ኋላ ይወረወራል፣ ሁለት ጊዜ ተሽከርክሮ ይቀለባል። በልምምድ አንድም ጊዜ የቀለበ የለም።

«ማሎ ጋሼ፣ እባክዎ፣ መብረቁ ምን ሆነ?» አለች ጂቱ።

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

አላወቀችም። ቢሆንም ከሁሉ አብልጣ ለፋች፤ ማክሰኞ እንኳ መቅረት ተወች።

ቅዳሜ ጠዋት የሮቤው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ቀድመው የገቡት ጎባዎች ነበሩ። ኦብሴ ቦቷን አውልቃለች። አንድ ጊዜ ወደ ግራ ዞረች፤ ሌሎቹ ወደ ቀኝ። ሳቀችና ተመለሰች። መብረቁን ሲወረውሩ ከአምስቱ ሪባን አራቱ ተቀለበ። ጂቱ ሳታስበው አጨበጨበች፤ ወዲያው እጇን ጀርባዋ ላይ ደበቀች። ደምመላሽ አይቷታል።

ከዚያ ሮቤዎች ገቡ። እስከ ነጎድጓዱ ድረስ ደህና ነበሩ።

አምስቱም ሪባን ወደ ላይ ወጣ። አንዱ ጣሪያው ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንዱ ደምመላሽን ከነፊሽካው ጠቀለለው። ሁለቱ ጂቱንና ናፍቆትን አንድ ላይ አሰሯቸው፤ ሙዚቃው እስኪያልቅ እንደተቃቀፉ ቆሙ። አምስተኛው ዳኛዋ ወይዘሮ ፀሐይ ራስ ላይ አረፈ። ወይዘሮ ፀሐይ ሪባኑን ከመነጽራቸው ላይ አነሱና ወረቀታቸው ላይ ብዙ ጻፉ።

ጎባ አንደኛ ተባለ፣ ሮቤ ሁለተኛ።

ደምመላሽ ጂቱን አዳራሹ በር ላይ አገኛት።

«ደስ ይበልሽ!» አላት። «ጎባ ሄደሽ ስታስተምሪያቸው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ምን በድለንሽ ነው?»

የጂቱ ዓይን እንባ ሞላ። «ያስተማርኳቸውማ እንድናሸንፋቸው ነበር እኮ፣ ጋሼ!»

«የሚሸነፍ ሰው ለምን ያስፈልገናል?»

ጂቱ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ጥር ላይ ከስፖርት ጽሕፈት ቤት ለርስዎ ስጪ ብለው ሰጡኝ። ደም ግፊትዎ እንዳይነሳ ብዬ ደበቅሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ደምመላሽ ወረቀቱን ዘርግቶ እዚያው በቆመበት አነበበ።

«ላለፉት ሦስት ዓመታት ከቡድንዎ በስተቀር ሌላ ተወዳዳሪ ያልቀረበ በመሆኑ፣ ዘንድሮም ሁለተኛ ቡድን ካልተገኘ ውድድሩ የሚሰረዝና ወደ አዳማ የሚላክ ቡድን የማይኖር መሆኑን በትሕትና እንገልጻለን።»