ጎርፉ፣ በጉና የነጠላው ቋጠሮ

«ፍታው... ቋጠሮውን ፍታው አንተ ሰውዬ... አብረን ልንሞት ነው።»

እምሩ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቷል... ደፍራሹ የክረምት ጎርፍ እግሩን እየጠለፈ ይጎትተዋል።

ሽኩር ዳር ላይ የዛፍ ሥር አቅፎ ይዟል... የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሯል።

«ብፈታው ሌባ ነኝ ማለት ነው ጋሼ... አልፈታም» አለ ሽኩር።

ቆይ... እንዴት እዚህ ደረሱ?

ዘመኑ አዲስ አበባ ላይ የራስ መኮንን ድልድይ ገና ያልተሠራበት ነው።

ያኔ ከሳሽና ተከሳሽ ፖሊስ አይጠሩም... ነጠላቸውን ቋጥረው፣ ተያይዘው ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። መንገድ ላይ የፈታ ጥፋተኛ ይባላል።

እምሩና ሽኩር ወንዝ ዳር ጎረቤታሞች ናቸው።

ያን ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ... ወንዙ ጎጆ ወሰደ፣ ከብት ወሰደ። የጅቦችን ጉድጓድ ሳይቀር ሞላውና ጅብ በቀን ሰፈር ውስጥ ይዞር ጀመር። እናት ልጇን ከደጅ አታወጣም።

አንድ ቀን ማለዳ እምሩ ሲወጣ ወንዝ ዳር ያሰረው በግ የለም... ችካሉ ላይ በቢላ የተቆረጠ ገመድ ብቻ ቀርቷል።

በጉ የሚታረደው ለአራስ ሚስቱ ነበር... ሰውየው አበደ።

«ሽኩር ሲቆርጠው አይቻለሁ» አለች ጎረቤታቸው ጥሩነሽ።

«አዎ ቆርጬዋለሁ» አለ ሽኩር። «ውሃው አንገቱ ደርሶ ነበር... እንዳይሰጥም ብዬ ነው። ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ ወላሂ አላውቅም።»

ማን ይመነው?

ሽኩር ነጋዴ ነው... አንዴ ሌባ ከተባለ አራዳ ገበያ ከእጁ ጨው የሚገዛው የለም።

ተቋጥረው ጊዮርጊስ አጠገብ ወደሚያስችለው የገበያ ዳኛ ጉዞ ጀመሩ... የወንዙ መሻገሪያ ላይ እምሩን አዳለጠውና ጎርፉ ውስጥ ገባ።

ሽኩር ነጠላውን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ሳበ... ሳበ... ሳበ።

ሁለቱም ጭቃው ላይ ተዘረሩ።

«እዚያ... እዚያ እዩ» አለች ምስክር ልትሆን የተከተለቻቸው ጥሩነሽ።

ወንዙ መሃል፣ ውሃ በከበባት ጉብታ ላይ በጉ ቆሟል... የተቆረጠው ገመድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

አጠገቡ ማን ቢኖር ጥሩ ነው?

ጅብ።

ተኮራምቶ ይንቀጠቀጣል... በጉን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ሁለቱም የሚፈሩት ውሃውን ነው።

ሽኩር አሁን ቋጠሮውን ሊፈታ እጁን ሰደደ... እምሩ ያዘው።

«አትፍታው። ዳኛው ጋ እንሄዳለን... አሁን ከሳሹ አንተ ነህ።»

«እሺ ጋሼ... ግን ምስክሬ ጅቡ ነው። እሱን ማን ይጠራልኛል?»

እምሩ እያለቀሰ ሳቀ።

ውሃው ጎደል ሲል ጅቡ ወጥቶ ሄደ... ድንጋይ የወረወረበት የለም። በጉም ለአራሷ ደረሰ።

እምሩ ደግሞ እንደተቋጠረ ዳኛው ፊት፣ ገበያው መሃል ቆሞ «ሽኩር ሌባ አይደለም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ... ሰው ሁሉ እየሰማ።

ወዳጆቼ... ጎርፍ ሲመጣ ጅብም በግም እኩል ነው። እኛ ግን ጎረቤታችንን ለማመን ጎርፍ መጠበቅ የለብንም።

እናንተ በሽኩር ቦታ ብትሆኑ፣ ሌባ ብሎ የከሰሳችሁ ሰው ውሃ ሲወስደው... ትፈቱት ነበር ወይስ ትይዙት?

እውነቱን ጻፉልኝ... ኮሜንት ላይ ጀግና መሆን ቀላል ነው።