አዎ ያላለው ወንድሜ

«ወረቀትሽን ከጨርቁ ላይ አንሺልኝ እባክሽ፤ ቀለሙ እንዳይነካው» አለችኝ አንዷ ልብስ ሰፊ፣ ቀና እንኳ ሳትል። ቅጾቹን አነሳሁና የማስቀምጥበት ሳጣ ደረቴ ላይ አቀፍኳቸው።

በስፌት አዳራሹ ውስጥ ማሽኖቹ ለምሳ ቆመዋል። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ምሳ ዕቃቸውን ጭናቸው ላይ ከፍተው ይበላሉ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ካለው ዳቦ ቤት ነው የመጣሁት፤ ዱቄት የነካውን ሽርጤን አላወለቅኩም። የእረፍት ሰዓቴ ግማሽ ሰዓት ነው፤ አሥሩ ደቂቃ ደረጃውን ስወጣና በሩ ላይ ቆሜ ስፈራ አልቋል።

«መስማት ለተሳናቸው ሰዎች መብት የሚከራከር ማኅበር ነው» አልኩ ለሁለተኛ ጊዜ። «አባል እንድትሆኑልን ነው። ገንዘብ አንጠይቅም። ስምና ፊርማ ብቻ።»

«ስምና ፊርማ ብቻ!» አለች መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው። «እኔም ባል ያገባሁት በስምና በፊርማ ብቻ ነው። ስንት ነገር ተከትሎት እንደመጣ አትጠይቂኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ሲበርድ ግን ቅጾቹ እንዳሉ ደረቴ ላይ ነበሩ።

ቁልፍ የሚተክሉት ጠና ያሉ ሴትዮ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ክፉ እንዳይመስልሽ። ነገ ስማችን የት ተገኝቶ ምን እንደሚባል አናውቅም። ልጆች እናሳድጋለን።»

«አይፈረድብዎትም፣ እማማ።»

ማኅበሩ ያስጠናኝ ንግግር ነበር፤ ስለ ሕግ፣ ስለ አንቀጽ። ጠዋት ሊጥ እየቆረጥኩ ስሸመድደው ነው ያረፈድኩት። አሁን አንዱም ቃል አልመጣልኝ አለ። የመጣልኝ ወንድሜ ነው።

«ታናሽ ወንድሜ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም» አልኩ። «ማንበብም አይችልም። በምልክት ቋንቋ ግን ከእኔ የባሰ ወሬኛ ነው። ልጅ ሆኖ አንድ ነገር ለመደ። ሰው ሲያናግረው ራሱን በአዎንታ ከነቀነቀ ሰውየው ፈገግ ብሎ ይሄዳል። ዝም ካለ ይጮሁበታል፣ ይገፈትሩታል። ስለዚህ ይነቀንቃል። ባለሱቅ ቢያወራው ይነቀንቃል፤ መንገደኛ ቢቆጣው ይነቀንቃል።»

መስኮቱ አጠገብ ያለችው ማኘኳን አቆመች።

«አምና አንድ ሱቅ ተሰብሮ ሲሰረቅ እሱ በዚያ ሲያልፍ ያዙት። ፍርድ ቤት አቀረቡት። አስተርጓሚ አልነበረም። ዳኛው ክሱን አነበቡለት። ‹ገባህ ወይ?› አሉት፤ ነቀነቀ። ‹ድርጊቱን ፈጽመሃል?› አሉት...»

ቅጾቹን ይበልጥ አጥብቄ አቀፍኳቸው።

«ነቀነቀ?» አሉ እማማ በዝግታ።

«ነቀነቀ። ሁለት ዓመት ፈረዱበት። እኔ ወሬውን የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ልጠይቀው ስሄድ ከሽቦው ወዲያ ቆሞ፣ በእጁ፣ ‹እነዚያ ሰዎች ምን ነበር ያሉኝ?› አለኝ።»

አንዷ የምሳ ዕቃዋን ክዳን ገጠመች።

«ይግባኙ ሐሙስ ጠዋት ይሰማል። ጠበቃ ያቆመልን ማኅበሩ ነው። ከእንግዲህ ማንም መስማት የተሳነው ሰው ያለ አስተርጓሚ እንዳይዳኝም እየጠየቅን ነው። ጥቂት ሆነን ስንሄድ ‹እናየዋለን› ብለው ይሸኙናል። ለዚህ ነው ስማችሁን የምለምነው። የሚመቻት ደግሞ ሐሙስ መጥታ ችሎቱ ውስጥ ትቀመጥልን።»

ልብስ የምትተኩሰው ረጅም ሴት ካውያዋን ከሶኬት ነቀለች። «ወዲህ በይው» አለችና ቅጹን ከእጄ ወሰደች። «ሥራ በሚለው ላይ ‹ተኳሽ› ብዬ ነው የምጽፈው። ትንሽ ይደንግጡ!»

እንደገና ተሳቀ፤ በሳቁ መሀል እጆች ወደ ቅጾቹ ተዘረጉ። የሁሉም አይደለም። አንዳንዶቹ ሥራ ያላቸው መስለው ክር መልቀም ያዙ። ባለ መስኮቷ ፈረመች። እማማ ቅጹን አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ።

«እኔ አልፈርምም» አሉ። «ሐሙስ ግን እመጣለሁ። መቀመጥ ፊርማ አይጠይቅም።»

ያኔ ደወሉ ጮኸ። ኃላፊያቸው በሩ ላይ ቆማለች፤ የልብስ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላየሁም። «እዚህ ቅስቀሳ አይፈቀድም» አለች፤ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያየች። «ወደ ሥራ!»

የተፈረሙትን ዘጠኝ ቅጾች ሰብስቤ ወጣሁ። ደረጃውን ግማሽ እንደወረድኩ ከኋላዬ የጫማ ድምፅ ሰማሁ።

«አንቺ፣ የዳቦ ቤቷ!»

ኃላፊዋ ናት። ልትቀማኝ ነው ብዬ ቅጾቹን ከሽርጤ ሥር ወሸቅኳቸው። ሁለት ደረጃ ከበላዬ ቆመች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ሐሙስ ጠዋት ማሽኖቹ ለጥገና ይቆማሉ» አለች።

«እንዴ፣ ተበላሹ?»

«ደህና ናቸው። አሁን ነው የወሰንኩት።» ሜትሩን በጣቷ ጠቀለለችው፣ ፈታችው። «እና... ወንድምሽን ባገኘው፣ ሰላም የምለው እንዴት አድርጌ ነው?»

ቀኝ እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ መዳፌን ወደ ፊት ዘረጋሁላት። ሞከረችው። ጣቶቿን አጥፋ ስለነበር ይዤ ቀስ ብዬ ዘረጋኋቸው። መርፌ የወጋቸው፣ የደነደኑ ጣቶች ናቸው።

«እንዲህ?»

«እንዲህ።»

ሌላ ሳትል ዞረች። ላይ ማሽኖቹ ሥራ ጀምረው ደረጃው በእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። መታጠፊያው ላይ ደርሼ ቀና ስል፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ቀኝ እጇ ከግንባሯ ይነሳል፣ ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ተመልሶ ከግንባሯ ይነሳል።