የእሁድ ጀሪካን

አዲሱ የውሃ መስመር በገባ በወሩ፣ ከሰፈሩ ሁሉ የእትዬ ብርነሽ ቧንቧ ብቻ ቀጥ አለ። ደግነቱ ሦስቱ ልጆቻቸው እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጀሪካን ተሸክመው እየመጡ፣ ምሳ በልተው ሲንጫጩ ይውላሉ። በመጨረሻ ትልቁ ልጅ ሰለቸውና ውሃ ቢሮ ሄዶ አመለከተ።

የተላከው የጥገና ሠራተኛ የቆጣሪውን ሳጥን ሲከፍት እትዬ ብርነሽ "እመብርሃን፣ አደራሽን" እያሉ ከጀርባው ቆሙ።

"እማማ፣ መስመርዎ ጤነኛ ነው እኮ! ማነው ይሄን መዝጊያ ጥርቅም አድርጎ የዘጋው?"

"ቀስ ብለህ አውራ፣ ጎረቤት ይሰማል። እኔው ነኝ" አሉት። "ውሃው ሲመጣ ልጆቼ ቀሩብኝ። አንተስ እናትህን መቼ ነው ያየሃት?"

ሠራተኛው አንገቱን አከከ። ሳጥኑን መልሶ ከደነና ቅጹ ላይ "መለዋወጫ እስኪገባ ይጠብቁ" ብሎ ጻፈ።